ለክረምቱ የወንጌል ጉዞ ለምትነሡ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፤

ትምህርት ተዘግቶ የክረምቱ የወንጌል ጉዞ ሲቃረብ በየአጥቢያው ያለውን ግርግር አውቀዋለሁ። ልምምዱ ይከራል፣ ቲሸርቱ ይታዘዛል፣ ሚኒባስ ይፈለጋል፣ ጾም ጸሎት ይታወጃል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው «እስቲ እትዬም ምክር ይለግሱን» ብሎ ይጠራኝና አሥር ደቂቃ ይሰጠኛል። አሥር ደቂቃ ደግሞ እንኳን ለምክር ለሰላምታም አይበቃኝም። ስለዚህ ዘንድሮ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። መንገድ ላይ መኪናው ሲበላሽ ታነቡታላችሁ። መበላሸቱ እንደሁ አይቀርም።

ለማታውቁኝ፣ በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በተማሪነቴ ከመዘምራን ቡድን ጋር ዞሬያለሁ፤ ጠና ካልኩ በኋላም የቡድን እናትና ሐኪም ሆኜ ብዙ ክረምት ከወጣቶች ጋር ተጉዣለሁ። በሁለቱ መካከል ግን ደቡብ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ሠርቻለሁ። እዚያ ሳለሁ ተቀባይ እንጂ ተጓዥ አልነበርኩም። ቡድን ከአዲስ አበባ ወይ ከሐዋሳ ሲመጣ ፍራሽ ከሚሰበስቡት፣ ወጥ ከሚሠሩት፣ ቡድኑ ከሄደ በኋላም የተዋሱትን ወንበር ተሸክመው ከሚመልሱት አንዷ ነበርኩ። የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። እናንተ ቅዳሜ መጥታችሁ ሰኞ ጠዋት ትሄዳላችሁ። ያደረጋችሁት፣ መልካምም ሆነ ክፉ፣ ማክሰኞም ረቡዕም እዚያው ነው። የጉዟችሁ መለኪያ ማክሰኞ ነው።

ከማደሪያ ልጀምር። የተመደባችሁበት ቤት ስትገቡ አልጋው ተነጥፎ፣ ቡናው ፈልቶ ይጠብቃችኋል። ከመድረሳችሁ በፊት የሆነውን ግን አታዩም። እኔ አይቻለሁ። ጎረቤቴ የነበረች አንዲት የወንጌላዊ ሚስት አራት እንግዳ ደረሳት። ያላት ሁለት አልጋ ነው። ልጆቿን አውርዳ ሰሌን ላይ አስተኛች፤ ብርድ ልብስ ከሦስት ቤት ተዋሰች፤ የማን እንደሆነ እንዳይምታታባት በየጠርዙ የተለያየ ቀለም ክር ሰፋችበት። ለገበያ ያቆየቻቸውን ሁለት ዶሮዎች አሳረደች። እንግዶቹ ክፉ ልጆች አልነበሩም፤ ግን አምሽተው ገቡና «በልተናል፣ ደክሞናል» ብለው ተኙ። ጠዋት ቁርስ ሲቀርብ አንደኛዋ ሻንጣዋን ከፈተችና ብስኩት አወጣች። ሴትዮዋ አንድ ቃል አልወጣትም። የሆነውን የነገረችኝ ትንሿ ልጇ ናት፤ «ሲስተር፣ የእኛን ምግብ አይበሉም እንዴ?» ብላ።

ጌታ ሰባዎቹን ሲልካቸው ስለሚሰብኩት ነገር የነገራቸው አጭር ነው፤ ስለሚያድሩበት ቤት ግን ዘርዘር አድርጎ ነው ያዘዛቸው። ያቀረቡላችሁን ብሉ፣ ከቤት ወደ ቤት አትዘዋወሩ ይላል፤ ሉቃስ ምዕራፍ 10 ላይ አንብቡት። «እነ እገሌ ቤት ሻወር አለ» ተብሎ ማደሪያ መቀየር ለእናንተ ቀላል ነገር ነው። በትንሽ ከተማ ግን የተተወው ቤት ስም ይጠፋል። እገሌ ቤት እንግዳ አልረጋም ይባላል፤ ወሬው ከእናንተ ሻንጣ ቀድሞ ሰፈሩን ይዞራል።

ቆጮ ለማያውቀው ጉሮሮ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ኩርኩፋ የሚባለው የደቡብ ምግብም እንደዚያው። ትንሽ ቁረሱ፣ ስለ አሠራሩ ጠይቁ፣ እናቲቱ ስታስረዳችሁ ፊቷ ይበራል። ጨጓራ ያለባችሁ ዳጣውን ዝለሉት፤ ቆጮውን ግን ቅመሱ። ሐኪም የከለከለው ነገር ያለበት ካለ ከመነሣታችሁ በፊት በአስተባባሪው በኩል ይነገር፤ ማዕድ ላይ የሚነገር ነገር አይደለም። ደግሞ ውኃ። ፊታችሁን የምትታጠቡበት ያ ጄሪካን ቧንቧ ከፍተው የሞሉት አይምሰላችሁ፤ ሌሊት ተነሥታ ወረፋ የያዘች ልጅ አለች። በኩባያ ለኩ። ለጸጉር የሚሆን ውኃ ሲያስፈልጋችሁ ወንዙ የት እንደሆነ ጠይቁ፤ ብትችሉ ራሳችሁ ቅዱ። ስትሄዱም የተኛችሁበትን አጥፉ፣ እናትና አያቶችን ሳትሰናበቱ አትውጡ። ስኳርና ሳሙና ይዞ መሄድ ነውር አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ለእናቲቱ በእጇ ስጡ እንጂ ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ።

ይህ ነገር አዲስ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ዲዳኬ የሚባል ከሐዋርያት ዘመን ብዙም ሳይርቅ የተጻፈ ጥንታዊ ጽሑፍ አለ። ለምእመናን ስለ ተጓዥ አገልጋዮች እንዲህ ያዛል፦ አንድ ቀን ያሳድሩት፣ ካስፈለገም ሁለት፤ ሦስተኛ ቀን ከተቀመጠ ሐሰተኛ ነው። ሲሄድ እስከሚቀጥለው ማደሪያ የሚሆነው እንጀራ ይስጡት፤ ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው። ያኔም ያስመረሩ ነበሩ ማለት ነው። ሳነበው ሳቄ መጥቶ ነበር።

ከብስኩቱ የባሰው ጥፋት ግን ቃል መግባት ነው። እዚያው ከተማ ከአንድ ቡድን ጋር የመጣ ጊታር ተጫዋች ነበር። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሁለቱንም ቀን ከአጠገቡ አልተለየም፤ ኬብል ጠቀለለለት፣ ስፒከር ተሸከመለት። ሲለያዩ ተጫዋቹ «አይዞህ፣ አዲስ አበባ እንደገባሁ አሮጌዋን ጊታሬን እልክልሃለሁ» አለው። በዚያች ደቂቃ ከልቡ ነበር። የእኛ ጤና ጣቢያ ደግሞ ከመናኸሪያው ጎን ነው። ልጁ አውቶቡስ በሚገባበት ቀን ሁሉ እኔ ጋ ብቅ ይላል። መጀመሪያ «ሲስተር፣ ጊታር አልመጣም?» ይል ነበር። ቆይቶ «ዕቃ አልመጣም?» ሆነ። ከዚያ መጠየቁን ተወው፤ መጠየቁን ሲተው የወጣቶች ኅብረት መምጣቱንም ተወው። ወንጌላዊው ቤቱ ድረስ ሄዶ አነጋገረው። ምን ያድርግ፤ ለልጁ ስለ ታማኙ አምላክ የዘመረለትና ጊታሩን ያስቀረበት ያው አንድ ሰው ነው።

ስለዚህ በጉዞ ላይ ማንም በግሉ ቃል አይግባ። «ትምህርትህን እናግዝሃለን»፣ «መጽሐፍ ቅዱስ እንልካለን»፣ «ለእናትሽ መድኃኒት እፈልጋለሁ» የሚሉ ነገሮች ከአፍ ሲወጡ ይጣፍጣሉ። ካላችሁ እዚያው፣ በአጥቢያዋ ሽማግሌዎች በኩል ስጡ። ከሌላችሁ ዝም በሉ። ዝምታችሁን ማንም አያስታውሰውም፤ ቃላችሁን ግን ይቆጥሩታል። «እደውልልሃለሁ» የምትባለዋም ቃል ናት።

ከመድረክ «ጌታን የምትቀበሉ እጃችሁን አንሡ» ሲባል የሚነሣው እጅ ያሰክራል። ማታ በሪፖርቱ ቁጥሩ ይጻፋል፣ አዲስ አበባ ይላካል፣ እልል ይባላል። እኔ እልልታውን አልጠላም። ግን የዚያን ማታ በደብተር ቅዳጅ ላይ ስም ሲመዘግብ የነበረውን ወንጌላዊ ከጎኑ ሆኜ አይቼዋለሁ። ከተመዘገቡት አንዳንዶቹን ያውቃቸዋል፤ በየክረምቱ፣ በየቡድኑ የሚቀበሉ ናቸው፤ እንግዳ ማክበር ነው ብለው እጃቸውን የሚያነሡ ደግ ሰዎች። አንዳንዱ ስሙን እንጂ ሰፈሩን አልጻፈም። አንዷ ከገጠር ለገበያ የመጣች ናት፤ በየትኛው ቀበሌ እንደምትገኝ ማንም አልጠየቃትም። ቡድኑ የጠየቀው ቁጥር ብቻ ነበር። ከእናንተ ሁለት ልጆች፣ ድምፃቸው ባያምርም ጽሕፈታቸው የሚያምር፣ መዝሙሩ ሲቀጥል ታች ቁጭ ብለው በትዕግሥት ይመዝግቡ፤ የማን ልጅ፣ የት ሰፈር፣ ከማን ጋር መጣ። ወረቀቱ ከተማዋን ሳይለቅ ለአጥቢያዋ ይሰጥ። ያለቀሰ ሰው ፎቶ ደግሞ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ አይለጠፍ። ያ ልጅ ቤተሰቡ ገና አልሰሙ ይሆናል። በናንተ አንድ ፎቶ ምክንያት ከቤት የሚባረር ልጅ ማደሪያ የሚፈልግለት ያው ወንጌላዊው ነው።

ስለ ቡድን ትልቅነት ስታስቡ የወላይታን ታሪክ አስታውሱ። ሚሲዮናውያኑ ሶዶ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ በ1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ተባረው ወጡ፤ ትተውት የሄዱት 48 የተጠመቁ ምእመናን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነው። በመካከሉ የሠራው ማን ነው? የአካባቢው ሰው ነዋ፤ አብዛኛው ፊደል ያልቆጠረ፣ ስንቁን በትከሻው ይዞ ከመንደር መንደር በእግሩ የዞረ፣ የታሰረ፣ የተገረፈ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ታሪክ እንዲሁ ነው። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ሲዘጋት 5 ሺህ ገደማ አባላት ነበሯት፤ በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆና ተገኘች። በእነዚያ ዓመታት ስፒከር የለ፣ መድረክ የለ፤ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት እየሆኑ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ በለሆሳስ ነበር የሚዘመረው። እኔም የዚያ ዘመን ልጅ ነኝና ድምፅ ማጉያ ስታስተካክሉ ሰዓት ሲሄድ ሳይ እቁነጠነጣለሁ፤ የእርጅና ነገር ነው፣ ይቅር በሉኝ። ለማለት የፈለግሁት ግን እናንተ እንግዳ ናችሁ፤ ሥራው ባለቤት አለው። መድረክ ላይ ስትወጡ የአጥቢያዋን ወንጌላዊ አቁማችሁ በስሙ ጥሩት፣ አመስግኑት፣ የመጨረሻውን ጸሎት እሱ ይጸልይ። ሕዝቡ ሰኞ ማንን እንደሚፈልግ ይወቅ።

አሁን ወደ መኪናው። ሹፌሩ ከቡድኑ አንዱ ነው። ይህን ስትሰሙ «አሜን» ትላላችሁ፤ ማታ ግን እናንተ አልጋ ስትከፋፈሉ እሱ ጋቢና ውስጥ ጃኬቱን ለብሶ ይተኛል። ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል አርባ ምንጭ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በክረምት፣ በጭጋግና በከብት መንጋ መካከል ሙሉ ቀን ይወስዳል። ለሹፌሩ ከሁሉም ቀድሞ አልጋ ይሰጠው፣ ሞቅ ያለ ምግብ ይብላ፣ የማታው ፕሮግራም ላይ «ካልመጣህ» ብላችሁ አትጎትቱት። እሑድ ማታ ፕሮግራሙ ያልቅና «ሰኞ ሥራ አለብኝ፣ ሌሊቱን እንንዳ» የሚል አንድ ሰው ሁልጊዜ አለ። እምቢ በሉት። የኋላ መብራት የሌለው አይሱዙ መንገድ ላይ ቆሞ እንዳለ በጨለማ የሚታወቀው ሲደረስበት ነው፤ እኔ ደግሞ የዚያን ዓይነት ሌሊት በጤና ጣቢያ በር በኩል ነው የማውቀው። «ጌታ ይጠብቀናል» ትላላችሁ። ይጠብቃል፤ ለሹፌሩ የሰጠውን እንቅልፍ እናንተ አትንሡት።

ከመነሣታችሁ በፊት ስኮርቱ ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩ እንደሚሠራ አንድ ሰው በእጁ ይየው። ከባዱን ስፒከርና ጄኔሬተር ፖርቶ መጋላ ላይ አትከምሩ፤ መኪናው ላዩ ሲከብድ ጠመዝማዛ ላይ ያጋድላል። ቀላሉ ሻንጣ ላይ፣ ከባዱ ታች። ሸራውንም ጥሩ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ዝናብ የገባበት ኪቦርድ ገጠር ላይ የሚጠግን አይገኝም።

ስለ ጤና ብዙ እላለሁ፤ ሙያዬ ነው። ወባ አገራችን ውስጥ በአብዛኛው ከ2000 ሜትር በታች ባለው ቦታ ትገኛለች፤ የምትበረታውም ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በበልግ ማብቂያም ታገረሻለች። የነሐሴ መጨረሻና የመስከረም ጉዞ ልክ በመግቢያዋ ላይ ይወድቃል። አጎበር ያለበት ቤት ከሆነ ተጠቀሙበት፤ «ሞቀኝ» ብላችሁ ወደ ጎን አትጣሉት። ዋናው ነገር ግን ከተመለሳችሁ በኋላ ነው። ወባ ትንኟ በነከሰች ማግስት አታሳምምም። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይታ ትነሣለች። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ናችሁ፤ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዟችሁ ክሊኒክ ትሄዳላችሁ፣ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ይሰጣችኋል። ለሚመረምራችሁ ሰው ሳትጠየቁ «አርባ ምንጭ ነበርኩ»፣ «ጋምቤላ ነበርኩ» በሉ፤ የደም ምርመራ ይታዘዝላችሁ። ይህን አንዲት ዓረፍተ ነገር ባለመናገር የከፋባቸው ልጆች አስታምሜያለሁ። ደግሞ አንደኛው የወባ ዓይነት ከጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ የተሰጣችሁን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ዋጡ።

አርባ ምንጭ ቆላ ናት፣ ቸንቻ ደግሞ ደጋ። በመካከላቸው ያለው 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ከፍታው ግን ከ1300 ሜትር ገደማ ወደ 2700 ሜትር ገደማ ይወጣል። ጠዋት ላብ ያሰመጠው ልጅ ማታ ቸንቻ ላይ በቲሸርት ይንቀጠቀጣል። ጋቢ ያዙ፤ ለፋሽን የሚሆን ጃኬት እዚያ አያድንም። ያልፈላ ውኃ አትጠጡ፤ የታሸገ ካልተገኘ ውኃ አጋር የሚባለውን የውኃ ማከሚያ ይዛችሁ ሂዱ። ተቅማጥ ቢይዛችሁ ኦአርኤስ የሚባለውን ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ደም ከታየበት ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ጸሎቱንም ጤና ጣቢያውንም አንድ ላይ አድርጉት። ድምፅ ሲዘጋችሁ ማንሾካሾክ ዕረፍት እንዳይመስላችሁ፤ የድምፅ ገመዱን ያደክመዋል። ዕረፍቱ ዝም ማለት ነው፤ ለዘማሪ ከባድ ቢሆንም። ሻካራነቱ ከሦስት ሳምንት ከበለጠ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለሴት ልጆቼ ደግሞ በግልጽ። መንገድ ላይ ሽንት ቤት የለም ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ውኃ አትጠጡም፤ ማታ በወገብና በሆድ ሕመም ትመጡልኛላችሁ። ውኃ ጠጡ፣ ሹፌሩ በየሁለት ሰዓቱ እንዲቆም አስተባባሪዋ ከመነሻው ትስማማ። ሞዴስ ከቤት ያዙ፤ ለሌላው ሰው የሚደርስ ትርፍም ያዙ፤ በትንሽ ከተማ ሱቅ ሁልጊዜ አይገኝም። ወንዶች፣ መኪና አቁም ሲባል «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ የለም።

በዚሁ ልቀጥል። ከመድረክ የወረደ ዘማሪ ለአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት የገጠር ልጅ ምን ያህል ግዙፍ ሆኖ እንደሚታያት እናንተ አታውቁትም። «ምክር ፈልጌ ነው» ብላ ስልክ ትጠይቀዋለች፣ እሱም በየዋህነት ይሰጣታል፤ ከዚያ የሚመጣውን ዝርዝር አልጽፈውም። ሴት ልጅ ምክርና ጸሎት ስትፈልግ ሴት ታገልግላት፤ ማንም ከማንም ጋር በር ዘግቶ አይጸልይ፤ ማታ ከፕሮግራም በኋላ መሸኘት በቡድን ይሁን። በቡድኑ ውስጥ የሚጀመር ፍቅርም አለ፤ እኔ ራሴ በሠርጋቸው ላይ የበላሁባቸው አሉ። ግን ጉዞው እስኪያልቅ ይቆያችሁ። አብራችሁ የምትቀመጡበት ወንበር እንኳ ለአስተናጋጆቹ ወሬ ነው።

ስፒከር የምታቆሙበት አደባባይ የጎረቤቶቻችሁም ነው። የከተማው አስተዳደርና ፖሊስ ፈቃድ በአጥቢያዋ በኩል አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ፤ ደብዳቤው ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ስፒከሩን ወደ ኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊዱ አታዙሩ። ንግሥ ወይም ጾም መሆኑን፣ ሐዘን ቤት ድንኳን መተከሉን ጠይቁ። በዚያች ከተማ አንድ ቡድን በለቅሶ ቤት አጠገብ ከበሮ ሲመታ ያደረ ጊዜ ቅር የተሰኘው ሰፈር፣ ቡድኑ ከሄደ በኋላ ምእመናኑን ዕድር ውስጥ እስከማግለል ደረሰ። ሌላውን እምነት ከመድረክ መንካትም እንዲሁ ነው፤ ጭብጨባውን ትወስዳላችሁ፣ ኩርፊያውን የሚሸከመው የወንጌላዊው ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ።

ገንዘብ ላይ አጭር እሆናለሁ። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ሲልክ ብቻውን አልያዘውም፤ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ወንድሞችን አብሮ ላከ፤ በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 አለ። እናንተም ሁለት ሆናችሁ ቁጠሩ፣ ደረሰኝ ያዙ፣ ስትመለሱ ለላከቻችሁ ቤተ ክርስቲያን አንብቡ። አጥቢያዋ ምን ወጪ እንደምትሸፍን ከመምጣታችሁ በፊት ትወቅ። «ለነዳጅ» ተብሎ የሚሰበሰብ መባ ካለ ወንጌላዊው ደመወዙ ስንት ወር እንዳልተከፈለው ቀስ ብላችሁ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ መባውን ይዞ መሄድ የሚቀለው ሰው ካለ፣ ዲዳኬ ያለውን ከላይ ጽፌላችኋለሁ።

እናታችሁን አስፈቅዳችሁ ውጡ። ፈተና የወደቀ ልጅ «አገልግሎት ላይ ነበርኩ» ቢል የሚያምነው የለም።

መጣላታችሁም አይቀርም። በአንድ መኪና ውስጥ ሳምንት የከረመ ሰው የማያናድደው ነገር የለም፤ አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል። ጳውሎስና በርናባስም ተጣልተው በየፊናቸው ሄደዋል፤ ምክንያታቸው ማርቆስ ነበር፤ ጵርጌን ላይ ጥሏቸው የተመለሰው። ጳውሎስ በስተርጅና ማርቆስን «ይጠቅመኛል፣ አምጣው» ብሎ ጽፏል፤ ስለዚህ ዘንድሮ ያኮረፈውን ልጅ ከስም ዝርዝር አትሰርዙት። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ጠቡ የተነሣበት ጉዳይ ነው። የሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ጳውሎስ በርናባስን «ተመልሰን የሰበክንባቸውን ከተሞች ወንድሞች እንጎብኝ፣ እንዴት እንዳሉ እንይ» አለው። የተጨቃጨቁት ለመመለስ ሲዘጋጁ ነው። በእኛ ዘመን ለመመለስ ሲጨቃጨቅ የሰማሁት ቡድን ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚቀጥለው ክረምት ሌላ አዲስ ከተማ ይመርጣል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዘንድሮ በጀት ስትይዙ ከቲሸርቱ ቀንሱና የሁለት ሰው የደርሶ መልስ የአውቶቡስ ዋጋ ለብቻ አስቀምጡ። ኅዳር ላይ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ አንድ ወንድና አንዲት እህት፣ ስሙን የመዘገቡት እነዚያ ሁለቱ ቢሆኑ ይመረጣል፣ ተመልሰው ይሂዱ። ስፒከር አይያዙ፣ ፖስተር አይለጠፍ። ወንጌላዊውን አስቀድመው ይደውሉለት፣ በሚመቸው ቀን ይምጡ፣ ከዝርዝሩ ላይ ያሉትን ከእሱ ጋር ቤት ለቤት ይጠይቁ። እዚያው ያደሩበት ቤት ይደሩ። ሞዴስና ውኃ አጋር አይርሱ፤ ከመስከረም በኋላ ስለሆነ አጎበርም ይያዙ።